እኛ ቤት «አሞታል» ሲባል

«መቼ ጀመረው?» አለች ሐኪሟ።

ወንድሜ ከኋላዋ፣ ጎማው በሚንጫጫ አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቷል። የአፉ ቀኝ ጫፍ ወደ ታች ወርዷል። ቀኝ እጁ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል ደረቱ ላይ ተቀምጧል። ወንድሜ መስታወት ቆራጭ ነው፤ በዚያ እጁ ነው የሚቆርጠው።

«አሁን ነው ልጄ» አለች እናቴ፣ ከእኔ ቀድማ። «ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ አቅርቤለት፣ ገና ማንኪያውን ሲያነሣ ነው እንዲህ የሆነብኝ።»

ሐኪሟ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ይላል። ፊቷ በራ አለ።

«እንግዲያው በጊዜ መጥታችኋል። ጭንቅላቱን በሲቲ ስካን አንሥተነዋል፣ ደም አልፈሰሰም፤ የረጋ ደም ነው የደም ሥሩን የዘጋው። ሕመሙ ከጀመረው አራት ሰዓት ተኩል ካልሞላው የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት እሰጠዋለሁ። ከሞላው ግን ያው መድኃኒት እዚያው ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ሊያፈስበትና ሊገድለው ይችላል። ለዚህ ነው ሰዓቱን አጥብቄ የምጠይቀው። እርግጠኛ ነዎት እናቴ? ሰባት ሰዓት?»

«ሰባት ሰዓት» አለች እናቴ።

ሐኪሟ መድኃኒቱን ልታዝዝ ሄደች። ከሌላ ሕንፃ እስኪያመጡት አሥር ደቂቃ ይፈጃል አለችን።

ምሳ አልቀረበም። ማንኪያ ያነሣ ሰው የለም። ወንድሜን ያመመው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ደውሎ የነገረው ለእኔ ነዋ። አግዳሚው ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሷ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የበር ቁልፍ በልብሷ ውስጥ ጨብጣ ይዛለች። አሥር ደቂቃ አለኝ፣ አፌ ግን አልከፈት አለኝ።

ለምን እንዳልተከፈተ ለመናገር ከአያቴ መጀመር አለብኝ።

አያቴ አናጢም ጠጪም ነበር፤ ሁለቱንም በአደባባይ። በእሱ ጊዜ ለትልቅ ሰው «ሰከረ» አይባልም፤ «ተጫውቶ ገባ» ነው የሚባለው። ጓደኞቹ በሁለት ብብቱ ገብተው እየዘፈኑ ያመጡታል፣ ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብሎ ይስቃል፣ በማግሥቱ ለራሱ ይተርኩለታል። አንድ ቀን ሞቅ ብሎት የሰው በር ገልብጦ ገጠመ፤ እጀታው አገጭ ጋ ደረሰ። የቤቱ ባለቤት አላስቀየረውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺን እሱ ተጫውቶ የገጠማት ናት» እያለ ያሳይ ነበር። በሩ እስኪበሰብስ ድረስ ልጆቹ ሁሉ በእግር ጣታቸው እየተንጠራሩ ከፈቱት።

አባቴ ጋ ሲደርስ ጊዜው ተለወጠ። አባቴ የተቀጠረው መስታወት ቤት ነው፤ የሥራ መግቢያ ደወል ያለው፣ በሩ ላይ «ሰክሮ የተገኘ ሠራተኛ ይሰናበታል» የሚል የተለጠፈበት። መጠጡ ያው መጠጥ ነው፣ አባቴም ከአባቱ አብልጦ አልጠጣም። ግን በዚያ በር የሳቁ ሰዎች ልጆች አባቴን ከሩቅ ሲያዩ የልጆቻቸውን እጅ ጎተት አድርገው መንገድ ይሻገራሉ። አያቴ ተጫዋች፣ አባቴ ሰካራም። በመካከላቸው ሃያ አምስት ዓመት ብቻ ነው ያለው።

እናቴ ቃሉን ያገኘችው ያን ጊዜ ነው። አባቴ መቆም ባቃተው ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ መስታወት ቤቱ በር ድረስ ትሄድና ለአለቃው «ዛሬ አሞታል» ትለዋለች። ውሸት እንዳይመስል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ከዚያ ቤት ትመለስና አባቴን በጎኑ አስተኝታ፣ ሳፋ ከራስጌው አስቀምጣ፣ ጎረቤት እንዳያየው በሩን ከውጭ ትቆልፋለች። ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። እኛን «አባባ አሞታል» ስትለን ውጡና ድምፅ ሳታሰሙ ተጫወቱ ማለቷ ነው።

እኔ ስድስት ዓመቴ ሳለ አስተማሪዬ አባቴ ለምን እንዳልመጣ ጠየቀችኝ። «አሞታል» አልኳት። «ውይ፣ ምኑን?» ስትለኝ ግራ ገባኝ። አሞታል ማለት ራሱን የቻለ ነገር እንጂ እግር ላይ ወይ ሆድ ላይ የሚያርፍ አይመስለኝም ነበር። እውነተኛ በሽታ ሲመጣብን በስሙ ነበር የምንጠራው፦ ጉንፋን፣ ቁርጠት፣ ትኩሳት። «አመመኝ» የሚል ሰው ከአባቴ በቀር ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ሲሞት እንኳ ለቀስተኛው «ምን አግኝቶት ነው?» ሲላት እናቴ «አሞት» አለች፤ የሰማው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፣ ሁሉም ገብቶታል።

ወንድሜ ያባቱን የሥራ ጠረጴዛ ወረሰ፣ የመስታወት መቁረጫውን ወረሰ፣ ሌላውንም ወረሰ። እኔ ደግሞ የእናቴን ቃል ወረስኩ። እሷ በእግሯ ሄዳ የምትለውን እኔ በስልክ እል ጀመር። «ጋሼ፣ ዛሬ አሞታል።» አለቃው ያው የአባቴም አለቃ የነበረ ሽማግሌ ነው፤ «እሺ ልጄ» ብሎ ይዘጋዋል። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ማለቴን እንኳ አላስተውለውም ነበር።

ከሰባት ወር በፊት ይኸው አለቃ ወንድሜን እጁን ይዞ ጤና ጣቢያ ወሰደው። አንዲት ነርስ ስታነጋግረው ዋለችና ቤት ሲገባ ካርድ ይዞ መጣ። ቆሞ አነበበልን፦ «ሱስ ሕመም እንጂ ጥፋት አይደለም።»

እናቴ እጇን አጨበጨበች። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሞታል፣ አሞታል ስል ማን ሰማኝ! ይኼው ዛሬ ተምረው ደረሱበት!»

እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ወንድሜ ብቻ አልሳቀም። ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተና እንዲህ አለን።

«እንግዲህ ስሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ከጠጣሁ ‹ጠጣሁ› እላለሁ። እናንተም የጠየቀ ካለ ‹ጠጣ› በሉት፣ አትፈሩልኝ። አሞኛል ካልኩ ግን አሞኛል ማለቴ ነው። ቃሏን መልሱልኝ።»

«እሺ» አልነው። ቀላል መሰለን። እሺ ለማለት ምን ይከብዳል!

ከዚያ ወዲህ አልጠጣም። ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በሩ ላይ ቆሞ ወደ እናቴ ፊት «ሀህ» ብሎ ይተነፍሳል። እናቴ አፍንጫዋን ታስጠጋና «አይሸትም፣ ግባ» ትለዋለች። ከእሷ ቀጥሎ እኔ ፊት «ሀህ»። «አይሸትም።» መጀመሪያ ለእውነት ነበር፣ በኋላ ጨዋታችን ሆነ፤ አንዳንዴ ሽንኩርት በልቶ ይመጣና አፍንጫችንን ይዘን እንሸሻለን። በአምስተኛው ወር ለእናቴ ክብ መስታወት ቆረጠላት። ክብ ከሁሉ ይከብዳል፤ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ጣቴን ዙሪያውን አስኬድኩት፣ ምንም አልቧጠጠኝም።

አሁን ወደ ዛሬ ጠዋት ልመለስ።

እኔ ውሃ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ተቀባይ ነኝ። ውሃ የጠፋበት፣ ቧንቧ የፈነዳበት ሁሉ የሚጮኸው ጆሮዬ ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስልክ ሳነሣ አንድ ሙያ አወጣሁ፤ ጠጥቶ የሚደውልን ሰው በሦስት ቃል እለየዋለሁ። ባልደረቦቼ ሲጠራጠሩ ስልኩን ወደ እኔ ያዞሩታል፣ «ይኼን አንቺ ስሚው» ብለው። ሰምቼ «ጠጥቷል» ካልኩ አለቀ፣ ይዘጋበታል። ተሳስቼ አላውቅም ነበር። ወይም ስሳሳት የነገረኝ የለም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እት... እትዬ።»

ምላሱ ተጠቅልሏል። አወቅሁት፣ ድምፁንም ስካሩንም ባንድ ላይ አወቅሁት።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አሞ... አሞኛል።»

ሰባት ወር! ያ ሁሉ ማታ፣ ያ ሁሉ «አይሸትም»!

«እው... እውነት... አሞኛል» አለ። ቀጥሎ ስልኩ ውስጥ ረጅም «ሀህ» ሰማሁ። ሰካራም ሲያናፋ እንደዚያ ነው፤ አባቴም እንደዚያ ያናፋ ነበር።

«አታፍርም? ሰባት ወርህን አፈር አበላኸው! ተኛበት!» ብዬ ዘጋሁበት።

እሱ ያለኝ ይኸው ነው። ጠጣሁ አላለኝም። ሁለት ጊዜ አሞኛል ነው ያለኝ፣ በተዋዋልነው መሠረት፣ ቃል በቃል። ያ «ሀህ» ምን እንደነበረ የገባኝ አሁን፣ እዚህ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ ነው። እያናፋ አልነበረም። አሽትቺኝ እያለኝ ነበር። ምላሱ እምቢ ሲለው ትንፋሹን ላከልኝ።

እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ አላበቃሁም። ጉሊት ለወጣችው እናቴ ደወልኩ፤ «እማ፣ ልጅሽን አሞታል።» «ወይኔ ጉዴ!» አለች፣ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ለአለቃው ደወልኩ፤ «ጋሼ፣ ዛሬ አሞታል።» ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሰና «ገባኝ ልጄ» አለኝ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ቧንቧ ለፈነዳበት ሁሉ በትሕትና መለስኩ።

የቀረውን እናቴ በታክሲ ስንመጣ ነው የነገረችኝ። ወንድሜን ከስልኩ ሥር ወለል ላይ አገኘችው። ጎትታ አልጋው ላይ አወጣችው፣ በጎኑ አስተኛችው፣ ሳፋውን አመጣች። ከዚያ አፉን አሸተተችው።

«አልሸተተኝም» አለችኝ። «አልሸተተኝም'ኮ ልጄ! ሽታ የሌለው አግኝቶ ነው አልኩ። እንዴት ያለ ብልጠት ተማረ ብዬ ተናደድኩበት።»

ከውጭ ቆለፈችበት። እሱ ግድግዳውን በአንድ እጁ መደብደብ ጀመረ። አባቴም ልውጣ፣ ልጨምር እያለ ይደበድብ ነበር፤ እናቴ ለዚያ የምትለውን ታውቃለች። በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ምስር እየለቀመች «እረፍ!» አለችው። «እረፍ፣ ሰው ይሰማል!» እስከ ስድስት ሰዓት ደበደበ። ከዚያ ተወው።

«እንቅልፍ ወሰደው፣ ተመስገን አልኩ» አለችኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ውሃ ልትሰጠው በሩን ከፈተች፤ ያኔ ደወለችልኝ።

ሐኪሟ ስትመለስ ከኋላዋ አንድ ነርስ መድኃኒቱን በትንሽ ሳህን ይዞ መጣ። ልክ እንዳየሁት ተነሣሁ። እናቴ የእጄን አንጓ ያዘችኝ። እነዚያ ጣቶች እንደዚያ ጉልበት እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

«ዝም በይ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይስጡት።»

«እማ፣ ይገድለዋል።»

«ምን ታውቂያለሽ! ሌላ ተስፋ የለውም። ደግሞ ምን ልትያቸው ነው? እናቱ ቆለፈችበት ልትያቸው ነው?»

ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ነውር ስትሸፍን የኖረች ሴት ናት። አሁን የምትሸፍነው የእኔንም የእሷንም ነው። አልጠላኋትም። እኔም ለአንድ አፍታ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዝም ልል ፈልጌ ነበር። ማንም አያውቅብኝም። መድኃኒቱ ቢያድነው ደስ ይለናል፤ ቢገድለው ደግሞ ቀኑ ደርሶ ነው እንላለን። ለለቀስተኛው የምንለውም አለን።

ነርሱ የወንድሜን ክንድ አሰረ።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» አልኩ። ድምፄ እንደ ሥራ ቦታዬ ነበር፣ ጥርት ያለ። «ጠዋት። ሰባት ሰዓት አይደለም። ተዉት።»

ሐኪሟ እጇን ዘርግታ ነርሱን አስቆመችው። «እንዴት አወቁ?»

«ደውሎ ነግሮኛል።»

«ምን ብሎ?»

«አሞኛል ብሎ።»

«አሞኛል አለዎት?» አለች፣ ቀስ ብላ፣ በስህተት የሰማች መስሏት።

«ሁለት ጊዜ።»

«እና ምን አደረጉ?»

«ተኛበት አልኩት።» ከዚያ ላስረዳት ሞከርኩ። «እኛ ቤት አሞታል ማለት ሌላ ነው፣ ዶክተር። እኛ ቤት ሲባል...» አልዘለቀልኝም። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ወንድሜ ያነበበልን ያው ቃል በትልቁ ተለጥፏል፤ ሱስ ሕመም ነው። ያንን የለጠፉ ሰዎች የእናቴን አማርኛ እንዴት ይረዱታል?

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነርሱ ሳህኑን ይዞ በመጣበት ተመለሰ። እናቴ እጄን ለቃ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ድምፅ አላሰማችም፤ እሱንም ለምዳዋለች።

«ይተርፍ ይሆናል» አለችን ሐኪሟ። «ስለ ንግግሩና ስለዚያ እጁ ግን ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም። በጊዜው ደርሶ ቢሆን...» አየችኝና ወደ አልጋው ዞረች።

ኮሪደሩ ጥግ ድረስ ሄጄ ለአለቃው ደወልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ሌላ ሰው ቢያውቅልኝ ብዬ ነው። ከወዲያ መስታወት ሲፋቅ፣ ሠራተኞቹም ሲሳሳቁ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ወንድሜን አሞታል።»

«ጠዋት ነግረሽኛል'ኮ ልጄ።»

«አይደለም፣ ጋሼ። እውነት አሞታል።»

ሽማግሌው ሲመልስልኝ ድምፁ ርኅራኄ ነበረው፤ የገደለኝ እሱ ነው።

«ይገባኛል። እናትሽም በአባትሽ ጊዜ እንዲሁ ነበር የምትለኝ። ‹የዛሬውስ እውነት አሞት ነው› ትለኝ ነበር። አይዞሽ፣ አልጽፍበትም። ሲበርድለት ይምጣ።»

ሌላ ቃል ፈለግሁ። ሆስፒታል ነን ብለው፣ አባቴም ወድቆ እዚህ ተኝቶ ያውቃል። አንደበቱ ተያዘ ብለው፣ መቼ ተፈትቶ ያውቃል ይለኛል። ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት በእግርም በስልክም የዋሸነው ሰው ነው፤ አሁን ምን ብለው ያምነኛል? «እሺ ጋሼ» ብዬ ዘጋሁት።

ወንድሜ ጋ ተመለስኩ። ዓይኑ ተከፍቷል። ሲያየኝ አፉን ሊከፍት ታገለ፤ ግራው ተከፈተ፣ ቀኙ እምቢ አለው። ቃል አልወጣም። ምላሱ ትንሽ ተንቀሳቀሰችና ተኛች። ያኔ ዓይኑን ዓይኔ ላይ እንደተከለ፣ ባለው ትንፋሽ ሁሉ፣ እንደ ማታ ማታው አደረገ።

«ሀህ።»

ጎንበስ ብዬ አፉን እስኪነካ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰ አፍ ነው የሸተተኝ፣ ሌላ ምንም የለም።

«አይሸትም» አልኩት። «አልጠጣህም። አሞሃል፣ ወንድሜ። አሞሃል።»

ግራ እጁን አነሣ። የጣቶቹ አንጓ ግድግዳውን ሲደበድብ ተልጦ ደም አርግቷል። እጄን ያዘኝ፤ ዓይኑን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ።